ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅና የቴአትር ቤቱ ደጅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን የቊስጥንጥንያውን ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅን ዕረፍት፣ ግንቦት 12 ቀን ደግሞ የዐፅሙን ፍልሰት ታስባለች። ስሙ ለምእመናን እንግዳ አይደለም። ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ በዕብራውያን መልእክት ላይ የሰጠው ትምህርትም ወደ ግእዝ ተመልሶ በመጻሕፍት ጉባኤ ሲነገር ኖሯል። ስለ ስደቱና ስለ ትዕግሥቱም ከስንክሳር ደጋግመን ሰምተናል። ከቴአትር ጋር ስላደረገው ረጅም ተጋድሎ ግን ብዙ አልተነገረም።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ በወልድያ፣ በመርሳና በሌሎችም የሀብሩ አጥቢያዎች የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚያነሡት ጥያቄ ነው። መንፈሳዊ ድራማ አዘጋጅተው ሲያቀርቡ ደስ የሚላቸው አባቶች አሉ፤ ቅዱስ ዮሐንስ ቴአትርን አውግዟልና ይህ ነገር ከዐውደ ምሕረት ይውረድ የሚሉም አሉ። ወጣቱ በሁለቱ መካከል ቆሞ ግራ ይጋባል። አንዳንዱም ስጦታውን ይዞ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ይሄዳል። ስለዚህ ቅዱሱ የተቃወመው ምን ዓይነት ቴአትር እንደ ነበር፣ ስለ ምን እንደ ተቃወመና ተቃውሞውም ምን እንዳስከፈለው ከራሱ ሕይወት መማር ይገባናል። ከዚህ በታች ስለ ቅዱሱ ዘመን የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመበለቲቱ ልጅ

ቅዱስ ዮሐንስ በ347 አካባቢ በአንጾኪያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሴኩንዶስ በሠራዊቱ አስተዳደር የከበረ ሹመት የነበረው ሰው ሲሆን ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ዐረፈ። እናቱ አንቱሳ በሃያ ዓመቷ ገደማ መበለት ሆና ቀረች፤ ዳግመኛ ባል አላገባችም። ያላትን ሁሉ ልጇን ለማሳደግና ለማስተማር አዋለችው።

በዚያ ዘመን በአንጾኪያ በአንደበተ ርቱዕነት ወደር ያልተገኘለት መምህር ሊባንዮስ ነበር። ሊባንዮስ ጣዖት አምላኪ ቢሆንም ወጣቱ ዮሐንስ ከእርሱ የንግግርን ጥበብ ተማረ። መምህሩ ሊሞት ሲል ክርስቲያኖች ባይወስዱበት ኖሮ ወንበሩን ለዮሐንስ በተወለት እንደ ነበር መናገሩ በታሪክ ተጽፏል። ዮሐንስ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ጥቂት ጊዜ በፍርድ አደባባይ ተመላለሰ።

በዚህ ስፍራ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ቅዱሱ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ፣ በወጣትነቱ የፍርድ አደባባይን የሚያዘወትርና የቴአትርን ደስታ የሚናፍቅ እንደ ነበር ራሱ ይመሰክራል። ኋላ በዐውደ ምሕረት ቆሞ ስለ ቴአትር ሲናገር ካልቀመሰው ነገር ተነሥቶ አልተናገረም። የተመልካቹን ልብ ያውቀዋል፤ መድረኩ እንዴት እንደሚስብና ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚሄድ ያውቃል። የቃሉ ኃይል አንዱ ምንጭም ይህ ነበር።

ከአንጾኪያው ጳጳስ ከመላጥዮስ እግር ሥር ተምሮ ከተጠመቀ በኋላ ምናኔን ወደደ። እናቱ ሁለተኛ መበለት አታድርገኝ ብላ ብትማጸነው ለጊዜው ቆየ፤ በኋላ ግን ወደ ተራራ ወጣ። አራት ዓመት ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ዘንድ፣ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ተጋደለ። ጾሙና ብርዱ ሆዱንና ኩላሊቱን ስለ ጎዳው ወደ ከተማ ለመመለስ ተገደደ። በ381 ዲቁና፣ በ386 በጳጳሱ በፍላቭያኖስ እጅ ቅስና ተቀበለ። ከዚያም ለዐሥራ ሁለት ዓመታት የአንጾኪያ ሰባኪ ሆነ።

የዚያ ዘመን ቴአትር ምን ነበር?

ዛሬ ቴአትር ስንል በወግ የተጻፈ ድርሰት፣ በትምህርት የሠለጠኑ ተዋንያንና ጨዋ ተመልካች ሊታሰበን ይችላል። የአንጾኪያው ቴአትር ሌላ ነበር። በመድረኩ ላይ የሚገነው ዝሙትን እያዋዛ ሕዝቡን የሚያስቅ ጨዋታ ነው። የጣዖታት ተረት በጭፈራ ይታያል፤ በአንዳንድ በዓልም ሴቶች በሕዝብ ፊት ራቁታቸውን በውኃ ውስጥ ይዋኙ ነበር። በስደት ዘመን የክርስቲያኖች ጥምቀት ሳይቀር በመድረክ ላይ እየተመሰለ ይፌዝበት እንደ ነበር የሰማዕታት ዜና ያስረዳል። በእኛ ሲኖዶስ ውስጥ የሚገኘው ጥንታዊ ሥርዓትም ለጥምቀት የሚቀርብ የቴአትር ሰው አስቀድሞ ሥራውን እንዲተው፣ ካልተወም እንዳይቀበሉት የሚያዝዘው ስለዚህ ነው።

ተዋንያኑ ራሳቸው የተዋረዱ ነበሩ። የመንግሥቱ ሕግ ክብር ከሌላቸው ሰዎች ወገን ይቆጥራቸዋል፤ ከተዋንያን ቤት የተወለደም እንደ ልቡ ሥራውን መተው አይችልም ነበር። ቅዱስ ዮሐንስ ይህን ነገር ገልጦ ተናገረ። ሕጋችሁ ያዋረደውን ሰው ስለ ምን ከተማው ሁሉ እየሮጠ ያጨበጭብለታል? ሲል ጠየቀ። ከተዋናዩ ይልቅም ተመልካቹን ወቀሰ፤ የሚያይ ባይኖር የሚጫወት አይኖርም ነበርና። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሚስቀው ሰው በመድረክ ላይ ለሚዋረደው ነፍስ ተጠያቂ መሆኑን አስተማረ። ተዋናዩን ብቻ እየኮነኑ ራስን ንጹሕ ማድረግ እንደማይቻል ያሳየበት ይህ ትምህርቱ ዛሬም ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ይመጣል።

ሁለተኛው ክርክሩ ስለ ገንዘብ ነበር። ባለጠጎች ስማቸው እንዲነሣ ሲሉ ለጨዋታው ሀብታቸውን ያፈሱ ነበር። ስለ ከንቱ ውዳሴና ስለ ልጆች አስተዳደግ በጻፈው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሰው ይሥለዋል። ሰውየው ወደ ቴአትሩ ሲገባ ሕዝቡ በአንድነት ተነሥቶ ይጮኻል፤ ጠባቂያችን እያለ ይጠራዋል፤ ልግስናውንም በዓባይ ወንዝ ይመስለዋል። ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ግን ያ ሕዝብ ይንቀዋል። በሠርግና በተዝካር ላለመታማት ሲል በሬውን ሸጦ፣ ከዘመድ ተበድሮ የሚደግስ ሰው ባለበት አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በዚያው ከተማ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ብርድ የሚያንቀጠቅጣቸው ድሆች መኖራቸውን ቅዱሱ መናገር አልተወም።

ዝም ያለው መድረክ

በ387 በአንጾኪያ ከባድ ግብር ታወጀ። ሕዝቡ በቊጣ ተነሥቶ የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ጥሎ በየመንገዱ ጎተተ። ቊጣው ሲበርድ ፍርሃት ከተማውን ወረሰው፤ ንጉሡ ሕዝቡን ሊያስፈጅ ከተማውንም ሊያጠፋ ይችላልና። አረጋዊው ጳጳስ ፍላቭያኖስ ምሕረት ሊለምን ወደ ቊስጥንጥንያ ገሠገሠ። ወራቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ገና አንድ ዓመት ያገለገለው ቄስ ዮሐንስ በድንጋጤ የተዋጠውን ሕዝብ ሲያጽናና ሰነበተ፤ በሐውልቶቹ ምክንያት የተሰጡት ስብከቶች 21 ሆነው ለትውልድ ተላልፈዋል።

የንጉሡ መልእክተኞች ደርሰው የቴአትሩን፣ የሠረገላ እሽቅድምድሙንና የመታጠቢያ ቤቶቹን በሮች ዘጉ፤ ከተማይቱንም ከክብሯ ዝቅ አደረጓት። ሕዝቡ ስለ ተዘጋው ቴአትር ሲያዝን ቅዱሱ ሌላ ነገር አሳየው። የአንጾኪያ ክብር መድረኳ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም የጌታ ደቀ መዛሙርት ክርስቲያን ተብለው መጀመሪያ የተጠሩባት መሆኗ እንደሆነ አስተማረ። በእነዚያ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ይሞላ ነበር።

ጳጳሱ ምሕረቱን ይዞ ለፋሲካ ተመለሰ፤ ከተማይቱም ወደ ቀድሞ ክብሯ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ግን ቅዱሱ በእሽቅድምድም ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ባዶ እንደሚሆን ደጋግሞ ያዝናል። የንጉሥ ትእዛዝ በር ሊዘጋ ይችላል፤ የሰውን ፍላጎት ግን አይለውጥም። ቅዱስ ዮሐንስ ከዚህ በኋላ የደከመው በሩን ሳይሆን ልቡን ለመመለስ ነበር።

ከመድረክ ወደ ገዳም

ለዚህ ድካሙ ምስክር ያደረጋት አንዲት ተዋናይት ናት። የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም ታሪኳን ለሕዝቡ አስታወሰ። ከፊንቄ የመጣች፣ በመድረክ ላይ የሚስተካከላት ያልነበረ፣ ዝናዋ እስከ ኪልቅያና እስከ ቀጰዶቅያ የወጣ ሴት ነበረች። የብዙዎችን ቤት አፍርሳለች፤ የብዙዎችንም ሀብት በልታለች። ይህች ሴት በድንገት ተመለሰች፤ ተጠመቀች፤ ማቅ ለብሳ ከደናግል ጋር ተቀመጠች። የቀድሞ ወዳጆቿ በባለሥልጣን ትእዛዝ ወታደር ልከው ወደ መድረክ ሊመልሷት ቢሞክሩም ከተቀበሏት ደናግል ሊለያዩዋት አልቻሉም።

ቅዱሱ ስሟን አልጠቀሰም። ብዙ ሊቃውንት ግን ስንክሳራችን ከሚያወሳት ከአንጾኪያዊቷ ከቅድስት ጲላግያ ታሪክ ጋር ያያይዟታል። ለእኛ የሚበቃን ሕዝቡ በመሳቂያነት የሚያውቃትን ሴት እርሱ ለንስሐ አብነት አድርጎ ማቅረቡ ነው። መድረኩን አጥብቆ ቢነቅፍም በመድረኩ ላይ ስለቆመችው ነፍስ ተስፋ አልቈረጠም።

ልጆችን በሚመለከትም እንዲሁ በመከልከል ብቻ አልቆመም። ልጅህን ወደ ቴአትር አትውሰደው ያለው አባት፣ በዚያ ፈንታ ምን እንደሚሰጠው አብሮ አስተምሯል። ማታ ሲቀመጡ አባት የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ለልጁ በሚጣፍጥ ቃል ይተርክለት፤ ሌላ ቀን ልጁ ራሱ መልሶ እንዲተርክ ያድርገው፤ እናትም ትስማው። ታሪኩ በልቡ ካደረ በኋላ ያ ምንባብ በሚነበብበት ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውሰደው። ያን ጊዜ ልጁ ሌሎች የማያውቁትን እርሱ ቀድሞ በማወቁ ሐሤት ያደርጋል። ቀጥሎ የያዕቆብንና የዔሳውን ታሪክ ይጨምርለት። ሰው ታሪክ መስማትና ማየት ይወዳል፤ ቅዱሱ ይህን ረኀብ የሚያጠግብ ንጹሕ ማዕድ አቀረበ እንጂ ረኀቡን ኃጢአት አላለውም።

በቊስጥንጥንያ

በ397 የቊስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ንክታርዮስ ዐረፈ። ዮሐንስ ሳያስበው ከአንጾኪያ ተወስዶ በየካቲት 398 በመንበሩ ተሾመ። የመንበረ ጵጵስናውን ወጪ ቀንሶ ለሕሙማንና ለእንግዶች አዋለው፤ ግብዣ አቆመ፤ ብቻውን ይመገብ ነበር። ይህ ሁሉ ድሆችን ደስ ሲያሰኝ ታላላቆችን አስቀየመ።

ከተሾመ አንድ ዓመት ሲሆነው የሆነውን እነሆ። ብርቱ ዝናም ጥሎ የእህሉ አዝመራ ሊጠፋ ሆነ። ከተማው በሙሉ ምሕላ ይዞ ወደ ሐዋርያት ቤተ ክርስቲያን ጎረፈ። እግዚአብሔርም ማረ። ሦስት ቀን ሳይቆይ ግን፣ ጌታችን በተሰቀለበት በዕለተ ዓርብ፣ ያው ሕዝብ ወደ ፈረስ እሽቅድምድሙ ጎረፈ፤ ጩኸቱም ቅዱሱ እስካለበት ቤት ተሰማ። በማግሥቱ ቅዳሜ ደግሞ ቴአትሩ ሞላ። ቅዱስ ዮሐንስ እሑድ ዐውደ ምሕረት ላይ ሲወጣ እንባው ከቃሉ ይቀድም ነበር። ከዚህ በኋላ ወደዚያ የሚመለሰውን ከቅዱስ ቊርባን እንደሚከለክል አስጠነቀቀ። ይህን ያለው ስለ መንጋው የሚጠየቅ እረኛ ነውና ነው። በዝናቡ ቀን ያለቀሰና በዓርብ ቀን የጮኸ አፍ አንድ መሆኑ ልቡን ሰብሮት ነበር። ኪረምት ሲከፋ ምሕላ ይዞ፣ ጥቅምት ሲጠባ ስለቱን የሚረሳ ገበሬ ይህን ኀዘን ይረዳዋል።

ቅዱሱ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈራው ግን ሌላ ነበር፤ ይኸውም ቤተ ክርስቲያን ራሷ ቴአትር እንዳትሆን ነው። ሕዝቡ ስብከቱ ሲጥመው በመድረክ እንደለመደው ያጨበጭብ ነበር። ቅዱሱ የሐዋርያትን ሥራ ሲተረጉም ይህን ልማድ የሚያስቀር ሥርዓት ሊያወጣ እንደሚወድ ተናገረ፤ ሕዝቡ ግን በንግግሩ ተማርኮ ያን ጊዜም አጨበጨበ! ጭብጨባው ሰው እንደ መሆኑ ደስ እንደሚያሰኘው፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን ሰሚው ምንም እንዳልተጠቀመ አስቦ እንደሚያዝን ሳይደብቅ ነገራቸው። ቤተ ክርስቲያን ቁስል የሚታከምባት የነፍስ ሐኪም ቤት ናትና።

የብሩ ሐውልት

ስለ ስደቱ ምእመናን አብዝተው የሚያውቁት ንግሥት አውዶክስያ የመበለቲቱን ርስት መውሰዷንና ቅዱሱ መገሠጹን ነው። በ403 በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በቴዎፍሎስና በእርሱ መካከል በተነሣው አለመግባባት ተሰደደ፤ ብዙ ሳይቆይም ተመልሶ ተጠራ። ሁለተኛውን ስደት ያመጣው ነገር ግን ቀጥታ ከዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ጋር ይገናኛል።

የታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ እንደ መዘገበው፣ በዚያው ዓመት የንግሥቲቱ የብር ሐውልት በታላቅ ዓምድ ላይ ቆመ። ስፍራው ከቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ነበር፤ የሚለያያቸው መንገድ ብቻ ነው። በሐውልቱ ዙሪያ ጭፈራና ጨዋታ ተደረገ፤ ጩኸቱ የጸሎቱን ድምፅ አወከ። ቅዱስ ዮሐንስ ዝም ማለት ይችል ነበር። ከስደት ገና መመለሱ ነው፤ ጠላቶቹ ምክንያት እየፈለጉ ነው። እርሱ ግን ስለ ቤተ ክርስቲያን ክብር ተናገረ። ንግሥቲቱም ተቈጣች።

በ404 በፋሲካ ዋዜማ ለጥምቀት በተሰበሰቡት ላይ ወታደሮች ገቡ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ቅዱሱ ወደ አርመንያ በረሃ ወደ ኩኩሶን ተጋዘ። ከዚያ ሆኖ ለዲያቆናዊቷ ለኦሎምፒያስና ለሌሎችም የማጽናኛ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ይህም በዛበት ተብሎ በ407 ወደ ጥቁር ባሕር ዳር ወደ ሩቅ ስፍራ እንዲወሰድ ታዘዘ። ሦስት ወር ያህል በፀሐይና በዝናብ አስጓዙት። በኮማና አጠገብ ከሰማዕቱ ባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ነጭ ልብስ ለብሶ ቅዱስ ቊርባንን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔርን እያመሰገነ ዐረፈ። በ438 የንግሥቲቱ ልጅ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ ዐፅሙን በክብር ወደ ቊስጥንጥንያ አስመለሰ፤ በሣጥኑም ላይ ተደፍቶ ስለ ወላጆቹ በደል ይቅርታ ለመነ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

አገራችን ዘመናዊውን ቴአትር የተቀበለችው ያለ ክርክር አይደለም። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. አካባቢ በእንስሳት ተረት አስመስለው የሹማምንቱን ጉቦኝነት የሚነቅፈውን ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያ ተውኔት በአዲስ አበባ አቀረቡ፤ በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። በዚህ ጊዜ መኳንንቱን ያስቆጣው ተግሣጹ ነበር፤ በአንጾኪያ ግን ቅዱሱን ያስቆጣው ዝሙቱ። መድረክ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መድረኩን ካነሡት ሰዎች አንዱ ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ የወጡት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። ከተውኔቶቻቸው አንዱ የሆድ አምላኩ ቅጣት ይባላል፤ ርእሱ ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የጻፈውን ያስታውሳል። የቅኔ ልጅ በመድረክ ላይ ትምህርተ ምግባርን ሊያቀርብ እንደሚችል በሥራቸው ታይቷል። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ በላሊበላም በልደት በዓል ካህናቱ ከቤተ ማርያም አፋፍ ቆመው ቤዛ ኵሉ ሲያቀርቡ ከታችም ከላይም የሚሰማው ዝማሬ ዓይንንም ጆሮንም ይይዛል። ይህ ግን ጨዋታ ሳይሆን አምልኮ ነው፤ ያየ ሁሉ ስለ ዘማሪው ሳይሆን ስለ ተወለደው ጌታ እያሰበ ይመለሳል።

እንግዲህ ለወጣቶቻችን ጥያቄ ከቅዱሱ ሕይወት የምናገኘው መልስ ይህ ይመስለኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት ድራማ የቅዱሳንን ታሪክ በትክክል የሚናገር፣ በአባቶች የታየ፣ በሥርዓቱና በስፍራው የሚቀርብ ከሆነ፣ አባት ለልጁ ማታ እንዲተርክ ቅዱሱ ካዘዘው ትረካ ወገን ነው። ተመልካቹን ለማሳቅ ሲባል ቅዱሱን የሚያቃልል፣ ወይም ተዋናዩን የሚያስጨበጭብ ብቻ ከሆነ ግን በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቢቀርብም እርሱ የነቀፈው ነው። ይህ ሚዛን ለድራማው ብቻ አይደለም። ለእኛም ለሰባክያኑ፣ ለዘማርያኑም ነው። ጉባኤው ሲበተን ሕዝቡ የሚያወራው ስለ ድምፃችን ማማር ከሆነ የቅዱሱን ኀዘን ልናዝን ይገባናል።

በቅዱሱ ዘመን ወደ ቴአትሩ ለመሄድ ከቤት መውጣትና በከተማው ፊት መታየት ግድ ነበር። ዛሬ ደጁ በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ነው፤ በሌሊት፣ ማንም ሳያየን፣ በጾምም በዓርብም ይከፈታል። በመርሳ ገበያ የሚውል ወጣትም፣ በወልድያ ቢሮ የሚሠራ ጎልማሳም፣ ይህን የሚጽፍ ዲያቆንም ከዚህ ደጅ እኩል ርቀት ላይ ነን። የአንጾኪያን መድረክ ንጉሥ ዘግቶት ነበር፤ የኪሳችንን ግን ከእኛ በቀር የሚዘጋው የለም። ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ እጅ ስልኩን ስትወስዱ በፈንታው የአቤልን፣ የዮሴፍን፣ የቅድስት ጲላግያን ታሪክ ስጧቸው። ባዶ እጅ የተተወ ልጅ ወደ ተወሰደበት ነገር ይመለሳልና።

የአባታችን የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።